የድሮውን የወጪ ደብተሬን ስገልጥ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በሒሳብ ሥራ ነው። የባንክ ሒሳብ ሳስታርቅ አምስት ሳንቲም ብትጎድል እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። የቤቴ ሒሳብ ሲጎድል ግን አላየሁትም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ዕቃ ሳገላብጥ የድሮው የወጪ ደብተሬ ወጣ። ቡና የፈሰሰበት አንድ ገጽ ላይ «አስጠኚ፣ ሒሳብና ፊዚክስ» ይላል። ለወንዱ ነው። ከሥሩ ለእህቱ «ደብተር 6፣ እስክሪብቶ 2»። ገጹን ገለጥኩ፤ ያው ነው። ሁለቱንም አንድ ትምህርት ቤት እኩል ከፍዬ ስላስተማርኩ ልጆቼን አላበላልጥም እያልኩ ስፎክር ኖሬአለሁ። ለካ ልዩነቱ ያለው አስጠኚው፣ አጋዥ መጽሐፉና ታክሲው ላይ ነው። ሞዴስ የሚል ቃልማ ደብተሩ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። እናቷ ከአስቤዛ ብር ቀንሳ ትገዛላት እንደነበር የሰማሁት ገና አሁን ነው።

በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤት መማር ነፃ ሲሆን ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ፣ መዋጮው ግን ከወላጅ ኪስ አልወረደም። ብር ሲያጥር «እሷማ ነገ የሰው ናት» ይባላል። ያቺው «የሰው ናት» የተባለችው ከአረብ አገር የወንድሟን የኮሌጅ ክፍያ ስትልክ ስንቴ አይቻለሁ።

እናንተ የወጪ ደብተር ስትይዙ በየልጁ ለይታችሁ ጻፉ። «የትምህርት ወጪ» ብላችሁ ከደመራችሁት አይታይም። እናትም አባትም የከፈሉት አንድ ደብተር ላይ ይስፈር። ከብሩ ጎን ደግሞ ሰዓት ጻፉ፤ ማን እንጀራ ጋገረ፣ ማን ሕፃን ያዘ። እኔ ሴቷን ልጄን ከብሯ ይልቅ የወሰድኩባት ሰዓቷን ነው።

አስጠኚው ሲመጣ ሳሎን ከወንዱ ጋር ይቀመጣል፤ ሻይ የምታቀርበው እሷ ነች። አንድ ማታ ብርጭቆ ልታነሳ ገብታ፣ ወንድሟ ያቃተውን ጥያቄ ቆማ ሠራችው። አስጠኚው ሳቀ። እኔም «ጎበዝ!» አልኩና ሳቅኩ። ትሪውን ይዛ ወጣች።

በቀደም ታዲያ «ምነው ያኔ እኔም ላጥና ብለሽ አልጠየቅሽኝ?» አልኳት።

«ሻዩን ማን ሊያፈላላችሁ፣ አባዬ?» አለችኝ።