ለእሳትና ድንገተኛ ሕክምና ሥራ ልትፈርም ላልከው ወንድሜ

ከነርስነት ወጥተህ እሳት አደጋና ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ልትገባ እንደሆነ፣ ፈተናውን አልፈህ ለመፈረም አንድ ሳምንት እንደቀረህ ጽፈሃል። «ምን ልዘጋጅ?» ነው ጥያቄህ። እኔም ከነርስነት ነው የገባሁት፤ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ሩጫና ፑሽ አፕ ሌሎቹ ነግረውሃል፣ ፈተናውን ካለፍክ ደግሞ እሱ አያስቸግርህም። እኔ የምነግርህ ስገባ ማንም ያልነገረኝን ነው።

1. እሳት ብቻ አትጠብቅ። ሁለቱን አገልግሎት አንድ ላይ የሚሰጥ ክፍል ውስጥ አብዛኛው ጥሪ የሕክምና ነው። የወደቁ አዛውንት፣ ደረቱን የሚያመው ሰው፣ ስኳሩ የወረደበት፣ ምጥ የያዛት። እኔ በመጀመሪያው ወር የውሃ ቱቦ የያዝኩት ሁለቴ ብቻ ነው። ቃሬዛ ግን በየተራዬ ነበር።

2. ሆስፒታል የለመድከውን እርሳ። እዚያ በሽተኛው አልጋ ላይ ነው፣ መብራት አለ፣ ሰው አለ። እዚህ የልብ ምቱ የቆመ ሰው በመጸዳጃ ቤት ግድግዳና በመቀመጫው መሃል ተቀርቅሮ ታገኘዋለህ። መጀመሪያ ጎትተህ ሰፋ ወዳለ ቦታ አውጣው፣ ከዚያ ደረቱን መጫን ጀምር። በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ። ይህን ታውቀዋለህ። የማታውቀው ምናልባት ሚስቱ በር ላይ ቆማ እያየችህ፣ ጎድኑ እጅህ ስር ቀጭ ሲል አለማቆምን ነው። እኔና ባልደረባዬ አንድ አባወራ እንዲህ አድርገን አስነስተናል። ከወራት በኋላ በእግሩ መጥቶ ጣቢያው በር ላይ ቆመ፤ መናገር አቅቶት እጄን ብቻ ይዞ ቀረ። በዚህ ሥራ የምኮራው ለዚህ ነው፣ አትግባ የማልልህም ለዚህ ነው።

3. ጉዳት ሲደርስብህ በዚያው ቀን በጽሑፍ አስመዝግብ። እባክህ ከሁሉም በላይ ይህንን ስማኝ።

አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። በሽተኛዋ ከባድ ናቸው፣ ቃሬዛው ደረጃው መታጠፊያ ላይ አልዞር አለ። በመሸከሚያ ወንበር አወረድናቸው። እኔ ከታች ነኝ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከላይ የያዘው ልጅ አንድ ደረጃ ሳተ፣ ክብደቱ በሙሉ እኔ ላይ መጣ። ወገቤ ላይ የሆነ ነገር ሲላቀቅ ተሰማኝ። አልለቀቅኩም። ሴትዮዋ ምንም ሳይሆኑ ሆስፒታል ደረሱ። እኔም ማስታገሻ ዋጥኩና ተራዬን ጨረስኩ፤ ለቡድን መሪው በቃል ነገርኩት፣ «እረፊ፣ ይለቅሻል» አለኝ። በቃ። ፎርም አልሞላሁም። ጀግና መሆኔ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ጫማዬን ማሰር አቃተኝ። ምርመራው ዲስክ ተንሸራቷል አለ። ወደ ሰው ሀብት ቢሮ ሄድኩ። የተቀመጠችው ሴት ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «የአደጋ ሪፖርቱ የታለ?» አለች። በቃል እንደተናገርኩ አስረዳኋት። «ያኔ ምን ሆነሽ ዝም አልሽ? ቤትሽ ዕቃ ስታነሺ ቢሆንስ?» አለችኝ። የዚያን ቀን መዝገብ አወጣን፤ «በሽተኛ ተወስዷል» ብቻ ነው የሚለው። ስለ እኔ አንድ ቃል የለም። ቡድን መሪው ደግሞ ተዛውሮ ነበር፣ ሲደወልለት አላስታውስም አለ። ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ በዚያ ወገብ። የሕክምናውን ወጪ ከኪሴ ከፈልኩ፣ ሁለት ወር ያለ ደመወዝ ተኛሁ። ወገቡን የሰጠ ሰው እንደ ሌባ ሊጠየቅ አይገባም፤ አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ትንሽ ደብተር ያዝ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን አነሳህ፣ ማን ነበር፣ ለማን ነገርክ። ሪፖርቱን ስታስገባ ኮፒ አስቀር፣ የተቀበለው ሰው ይፈርምበት። «ቀላል ነው» ቢሉህም አስገባ። መርፌ ቢወጋህ፣ ደም ዓይንህ ውስጥ ቢረጭ ደግሞ ፎርሙን ብቻ አትበል፣ ቶሎ ታጠብና ወዲያው ሐኪም ጋ ሂድ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ሰዓታት እንኳ ለውጥ አላቸው።

ጭስም እንደዚያው ይመዝገብ። የምን ጭስ፣ ስንት ደቂቃ፣ ጭንብል ነበረህ ወይስ አልነበረህም። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ራሱን ካንሰር አምጪ ከሆኑት ተርታ መድቦታል። በሽታው ከዓመታት በኋላ ነው የሚመጣው፣ ያኔ ማስረጃ የሚጠይቁህ አንተን ነው። እሳቱ ጠፋ ብለህም ጭንብልህን አታውልቅ፤ ፍርስራሽ ሲገለበጥ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ድሮ ጥላሸት የለበሰ ልብስ እንደ ማዕረግ ይታይ ነበር፣ እኔም በመኪናዬ ይዤው ቤት እገባ ነበር። አታድርገው። እዚያው ይታጠብ፣ አንገትህንና እጅህን እዚያው ጥረግ፣ ልጆችህን ሳትታጠብ አትቀፍ።

ከመፈረምህ በፊት ደግሞ የወገብ፣ የሳንባና የጆሮ ምርመራ አድርግ። ውጤቱን ለመሥሪያ ቤቱ ስትሰጥ ዋናው አንተ ጋ ይቅር። ጤነኛ ሆነህ መግባትህን የሚያሳይልህ እሱ ነው፤ እኔ ያ ወረቀት ቢኖረኝ ኖሮ ያቺ ሴት ስለ ቤት ዕቃ አታነሳብኝም ነበር።

አሁን አዲስ የሚገቡትን አሠልጥናለሁ፣ ሁሉም ደብተር አላቸው። የእኔን አንድ ገጽ አሞላሉን እንድታየው ፎቶ አንስቼ በውስጥ እልክልሃለሁ።