በድረ ገጽ ቴምፕሌት ውስጥ ስለሚበላሹ ፊደላት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በቴምፕሌቱ (የድረ ገጹ ገጾች በሚሠሩበት ዝግጁ ንድፍ) ላይ የጻፍኩት አማርኛ ብራውዘር ላይ ሲከፈት ጭረት ያለበት የላቲን «ኤ» የሚደጋገምበት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ጽሑፌ ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ አልጠፋም። «ሰ» በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ፊደላትን በቁጥር ከሚወክሉት ሥርዓቶች (ኢንኮዲንጎች) በአንዱ ሲቀመጥ 225፣ 136 እና 176 የሆኑ ሦስት ባይቶችን (ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጣቸውን ቁጥሮች) ይይዛል፤ የአማርኛ ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው 225 ስለሆነና ይኸው ቁጥር በዊንዶውስ-1252 (ለላቲን ፊደላት በተሠራ ሌላ ኢንኮዲንግ) ባለጭረቱን «ኤ» ስለሚወክል፣ ያዩት ነገር ባይቶቹ ሳይነኩ በተሳሳተ ሰንጠረዥ መነበባቸውን ያመለክታል። የኢንኮዲንግ መግለጫው (ገጹ በየትኛው ኢንኮዲንግ እንደተጻፈ የሚናገረው መስመር) በገጹ የመጀመሪያ 1024 ባይቶች ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ መግለጫውን አስገብቻለሁ፤ ለውጥ ግን የለም።

መልስ፦ ሰርቨሩ በሚልከው የኤችቲቲፒ ራስጌ (ከገጹ ጋር ቀድሞ በሚላከው መረጃ) ላይ ሌላ ኢንኮዲንግ ከተጠቀሰ ብራውዘሩ የሚቀበለው የራስጌውን ነው። እርማቱ የሚደረገው ሰርቨሩ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ፊደላት ደግሞ የጥያቄ ምልክት ሆነዋል።

መልስ፦ ምልክቱ ተራ ከሆነ ጉዳዩ ከባድ ነው፤ አንድ ፕሮግራም ፊደሉን ሊይዝ ወደማይችል ኢንኮዲንግ ሲቀይረው በምትኩ ያስገባው ስለሆነ፣ ዳታቤዙ ውስጥም እንዲሁ ከተቀመጠ ዋናውን ጽሑፍ ከመጠባበቂያ ቅጂ ካልሆነ በቀር መመለስ አይቻልም። በጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለው ምልክት ግን የተሰበረ ባይት መገኘቱን ይናገራል። እኔ ራሴ መለያ ቃላትን በ10 ባይት የሚቆርጥ ቴምፕሌት ጽፌ፣ ሦስት ፊደላት በደኅና ወጥተው አራተኛው ከመጀመሪያ ባይቱ ላይ ስለተቆረጠ በየቃሉ መጨረሻ አልማዝ ተደርድሮ አይቻለሁ። መቁረጥ ያለብን በፊደል ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ ቴምፕሌቱን በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ሳነብ ፕሮግራሙ በዊንዶውስ ላይ ብቻ ይቆማል፤ ጽሑፉ «ሰላም» ብቻ ነው።

መልስ፦ ብዙዎቹ የፓይተን ስሪቶች ኢንኮዲንግ ካልተነገራቸው የኮምፒውተሩን ነባሪ ይወስዳሉ፤ ዊንዶውስ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ-1252 ነው። የሚገርመው «ሰ» እና «ላ» ተዛብተውም ቢሆን ያልፋሉ፤ የ«ም» ሦስተኛ ባይት 157 ግን በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ቦታ ስለሌለው ንባቡ እዚያ ይቋረጣል። ስለዚህ ፋይሉን ሲከፍቱ ዩቲኤፍ-8 ብለው በግልጽ ይጻፉ። ስህተትን እንዲዘል የሚያደርገውን አማራጭ ግን አልመክርም፤ የስህተት መልእክቱ ይጠፋል እንጂ የተዛባው ጽሑፍ አይታረምም፣ ይባስ ብሎም ባይቶች ይጎድሉታል።