ጂቡቲ ሲበራ አዳማ ለምን ይጠፋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ለጎረቤት ስለምንሸጠው መብራት። እኔ ደግሞ የጡረታ ደብተሬን ከመያዜ በፊት ዕድሜዬን የጨረስኩት በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ከዚያም ውስጥ ብዙውን በድሬዳዋ ነው። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሰው ሳልጠይቅ ልመልስ።

ጋሼ፣ በሳምንት ሦስት ቀን መብራት ይጠፋብናል። ሊጡ ይኮመጥጣል፤ የደንበኞቼ እንጀራ አይደርስም። ዜናው ግን ለጂቡቲ ሸጥን፣ ለኬንያ ሸጥን ይላል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ አይደለም?
*እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት፣ ከአዳማ*

እህቴ፣ ተረቱ ጥሩ ነው፤ ግን ያረረው የትኛው ድስት እንደሆነ እንይ።

በሰፈርዎ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር 200 ኪሎ ዋት ገደማ የሚሸከም ነው እንበል። የኤሌክትሪክ ምጣድ አንዱ ብቻ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። 60 ቤቶች በአንድ ማለዳ ምጣድ ቢጥዱ 210 ኪሎ ዋት ይሆናል። ሻይ፣ ካውያና ቴሌቪዥን ገና አልተቆጠሩም። ትራንስፎርመሩ የተተከለው ሰፈሩ የ25 አባወራ በነበረ ጊዜ ከሆነ፣ በአህያ ጀርባ የግመል ጭነት ማለት ነው። ፊውዙ ይቃጠላል፤ እርስዎም ሊጥዎን ታቅፈው ይቀራሉ። ለኬንያ የሚሄደውን መብራት ዛሬ ማታ ብናቆም፣ በዚያ ትራንስፎርመር በኩል አንዲት ተጨማሪ ኪሎ ዋት አታልፍም።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ2001 ዓ.ም. ዝናብ አጥሮ ግድቦቹ ሲጎድሉ በፈረቃ ነበር የምንበራው። ያኔ ቢጽፉልኝ ኖሮ ተረቱን እኔም አብሬዎት እተርት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ተከዜ፣ ግልገል ጊቤ ሁለት፣ በለስ፣ ጊቤ ሦስት ተከታትለው መጡ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የህዳሴ ግድብ ተመረቀ። የጎደለው ውኃው ሳይሆን ከውኃው እስከ ምጣድዎ ያለው ሽቦ ነው።

አንድ ነገር ግን እሰጥዎታለሁ። ለኬንያ የሚሸጠው ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። 200 ሜጋ ዋት ቀንና ሌሊት ቢወስዱ በቀን 312,000 ዶላር ይመጣል። ከዚህ ገንዘብ የተወሰነው ተመልሶ የሰፈር ትራንስፎርመርና የእንጨት ምሰሶ ካልሆነ፣ ቁጣዎ ትክክል ነው። ይህንን ጥያቄ ለሚመለከታቸው ደጋግመው ያቅርቡ፤ «ለምን ሸጣችሁ» ሳይሆን «በሸጣችሁበት ምን ገዛችሁ» ብለው።

ጋሼ፣ በጋላፊ በኩል በጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ስነዳ 14 ዓመቴ ነው። ወረፋው፣ ሙቀቱ፣ የምንከፍለው ሁሉ ያማርራል። የጂቡቲ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ በእኛ እጅ አይደለም እንዴ? አንድ ሳምንት ብናጠፋባቸው አደብ አይገዙም?
*ሹፌር፣ ከሚሌ*

ልጄ፣ አይገዙም። መኪናህ ውስጥ ያለው ናፍጣ በየት በኩል እንደመጣ አንተ ከእኔ የተሻለ ታውቃለህ። ከወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጂቡቲ በኩል ያልፋል። እነርሱ አንድ ሳምንት ሲጨልምባቸው፣ እኛ አንድ ሳምንት ማደያ ላይ እንሰለፋለን። ማዳበሪያ የጫነ መርከብ በዘር ወቅት ከዘገየ ደግሞ ጣጣው ለዓመት ይተርፋል።

ይህንን የምልህ ጂቡቲን ስለምወድ አይደለም (ብወድም)። ከድሬዳዋ ተነስቶ ጂቡቲ የሚገባው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር 283 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ2004 ዓ.ም. በይፋ ሲመረቅ ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ማዶ ካሉት ባልደረቦቻችን ጋር በስልክ የምንነጋገረው እንግሊዝኛ ከሶማሊኛና ከአማርኛ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ሐምሌ ሲገባ ስልኩ ይበዛል። ጂቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ የአየር ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት እንቅልፍ የለውም፤ ፍላጎታቸው ወደ ላይ ይወጣል። በዚያው ሐምሌ እኛ ዘንድ ክረምት ነው፤ ወንዞቹ ሞልተው ግድቦቹ ውኃ የሚቀበሉበት ጊዜ። አንዱ በሚጠማበት ወር ሌላው ይጠግባል። መስመሩ ከመዘርጋቱ በፊት እነርሱ ያን ሙቀት የሚያሳልፉት በመርከብ የመጣ ነዳጅ እያቃጠሉ ነበር፤ እኛ ደግሞ ዝናቡ በበዛ ዓመት ትርፉን ውኃ በጎርፍ ማስተንፈሻ እንለቀው ነበር። ታዲያ እንዲህ የሚገጥም ጎረቤት ላይ ማጥፊያ ይጫናል?

ደግሞ ደንበኛ ሲፈራ ሌላ ሱቅ ይፈልጋል። ጂቡቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ጉቤት በሚባለው ስፍራ 60 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ጣቢያ አስመርቃለች። ለትንሽ አገር 60 ሜጋ ዋት ቀላል አይደለም። አልፈርድባቸውም፤ በአንድ በር ብቻ መውጣትና መግባት ምን እንደሆነ እኛም እናውቀዋለን። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ አሰብ ተዘጋብን፤ ያን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጂቡቲ ዞረ። የአንተም ሥራ የሚመጣው ከዚያ መዞር ነው።

ወረፋውን በተመለከተ ግን አቤቱታህ ልክ ነው። መፍትሔው ማጥፊያ ሳይሆን ሁለተኛ በር ነው፤ የሶማሊላንዱ በርበራ ወደብም ሆነ የኬንያው ላሙ፣ ጭነት የሚያወጣና የሚያስገባ መንገድ ሲኖር ዋጋ ራሱ ይለዝባል። ሌላው መፍትሔ ባቡሩ ነው። 752 ኪሎ ሜትር የሚሄደው የአዲስ አበባ ጂቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ከጭነቱ የበለጠ ድርሻ ቢወስድ ለናፍጣ የምናወጣው ዶላር ይቀንሳል። ይህ ለሹፌር መልካም ዜና እንዳልሆነ ይገባኛል። ይቅርታ።

ጋሼ፣ ወደ ኬንያ የሚሄደው ትልቁ መስመር በግጦሻችን ላይ ያልፋል። ፍየሎቻችን ከብረቱ ሥር ይተኛሉ። እኛ ግን ማታ የምናበራው የእጅ ባትሪ ነው። ከዚያ ላይ ትንሽ ቀንሰው ቢሰጡን ምን ነበረበት?
*ከብት አርቢ፣ ከቦረና*

ወንድሜ፣ ይህ የሦስቱም ከባዱ ጥያቄ ነው፤ መልሴም አያረካህም።

ያ መስመር እንደሌሎቹ አይደለም። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ እስኪደርስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በ500 ኪሎ ቮልት የሚሄደውም በእጅ ባትሪህ ውስጥ እንዳለው ያለ ቀጥተኛ ጅረት ነው። ለሩቅ መንገድ የሚመረጠው ብክነቱ ስለሚያንስና የሁለቱን አገር መስመሮች አንዱ ሲታመም ሌላውን ሳይለክፍ ስለሚያገናኝ ነው። ችግሩ፣ ቤት የሚገባው መብራት ከዚህ የተለየ ዓይነት ነው፤ ለመለወጥ ሶዶና ሱስዋ ላይ እንዳሉት ያሉ እጅግ ውድ ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ። አውቶቡስ ቢሆን እጅ ዘርግተህ ታስቆመው ነበር፤ ይህ ግን አውሮፕላን ነው፤ ሶዶ ይነሳል፣ ሱስዋ ያርፋል፣ በመካከል መውረጃ የለውም። እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል፤ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በላያችሁ እያለፈ ነው።

የእናንተ መብራት መምጣት ያለበት በሌላ አነስተኛ መስመር ወይም በፀሐይ ነው። ቦረና ውስጥ ፀሐይ አይጠፋም። ለትምህርት ቤቱና ለውኃ ጉድጓዱ ፓምፕ የፀሐይ ኃይል ጠይቁ፤ ስትጠይቁም በላያችሁ የሚያልፈውን መስመር ጥቀሱ፤ ግጦሹን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁና መናገር ያምርባችኋል።

ፍየሎቹ ከምሰሶው ሥር መተኛታቸው ጉዳት የለውም። ዝናብና ነጎድጓድ ሲመጣ ግን ከብረቱ አርቋቸው፤ ልጆቹም እንዳይወጡበት።