መልስ፦ የድሮ የአየርላንድ ኮርማ ሾርትሆርን የሚባሉትን አጫጭር ከብቶቼን ከፍ ያደርግልኛል?

አዎ፣ ለሚወለዱት ጥጃዎች ቁመት ሊጨምርልህ ይችላል። ግን "አይሪሽ" የሚለውን ስም ብቻ አይተህ ዘር አትግዛ። የኮርማውን እናትና እህቶች የዳሌ ቁመት ጠይቅ።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካና በስኮትላንድ የሚፈለገው አጭርና ድፍን ያለ ሾርትሆርን ነበር። የአየርላንድ ገበሬ ግን ከአንዷ ላም ወተቱንም ሥጋውንም ስለሚፈልግ ትልቁን ዘር አላጠፋውም። እንደ ዲርፓርክ ኢምፕሩቨር ያሉ የአየርላንድ ኮርማዎች በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተፈለጉት ለዚህ ነው።

ወይፈኑን በ12 ወሩ ለካው። ዳሌው ላይ 124.5 ሴ.ሜ. ገደማ ከሆነ የቁመት ደረጃው (ከብት በዕድሜውና በዳሌው ቁመት የሚመደብበት ቁጥር) 5 ነው፤ 129.5 ገደማ ከሆነ 6። በግጦሽ ብቻ ለምትኖር ላም እኔ ከ6 አላልፍም። ትልቅ ላም ብዙ ትበላለች።

አንድ ነገር አደራ። ቲኤች የሚባለው የእግር አጥንት የሚያጎድል የዘር ችግር ከዚሁ ከኢምፕሩቨር የዘር ሐረግ ጋር የመጣ ነው። ተሸካሚው፣ ማለትም ችግሩን ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰው ከብት፣ ፍጹም ጤነኛ ይመስላል። ሁለት ተሸካሚዎች ከተገናኙ ግን ከ4 ጥጃ 1ዱ የመጎዳት ዕድል አለው፤ የተጎዳ ጥጃ አይተርፍም። እኔ ኮርማውን ብቻ አምኜ፣ ላሟን ሳላስመረምር አዳቅዬ ጥጃዬን ቀብሬያለሁ። ከጭራዋ ጥቂት ፀጉር ከነሥሩ ነቅለህ ለዲኤንኤ ምርመራ ላክ፤ ውጤቱ ሳይመጣ እንዳታዳቅል።