«በመስኮት ካላየሁሽ ምኑን ጋዜጠኛ ሆንሽ?»

ይህ ዓምድ ስለ ሥራና ሙያ የምትልኩልን ጥያቄ የሚመለስበት ነው። በዚህ ዙር ሦስቱም ጥያቄዎች ከሐዋሳ የመጡ፣ ሦስቱም ስለ ቴሌቪዥን ዜና ናቸው። እኔም ብዙ ዓመት የሠራሁት እዚያው ሐዋሳ፣ ዜና ክፍል ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ጋዜጠኝነት ተምሬ ዘንድሮ ተመረቅሁ። አንድ ጣቢያ ፈተና አልፌ «የዜና ፕሮዲዩሰር ሁኚ» አሉኝ። እኔ የፈለግኩት ዜና አንባቢ መሆን ነበር። እናቴ ደግሞ «ልጄ በቴሌቪዥን ልትቀርብ ነው» ብላ ቡና ላይ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች። አሁን «በመስኮት ካላየሁሽ ምኑን ጋዜጠኛ ሆንሽ?» ትለኛለች። ልግባ ወይስ ልተወው?
(ት.፣ ከታቦር)

መልስ፦ ግቢበት እህቴ። ሳትውዪ ሳታድሪ ግቢበት።

እናትሽ ቅር ቢላቸው አይገርመኝም። እኔ ሥራ ስጀምር አባቴ በየማታው ዜናውን እስከ መጨረሻ ይጠብቁና «የት ነው ያለኸው?» ይሉኝ ነበር። አንባቢዋ ከምታነበው የቱ ይቅደም፣ የቱ ይቅር፣ ስንት ደቂቃ ይውሰድ፣ የትኛው ምስል ይሂድበት ብሎ የሚወስነው ሰው ነው ፕሮዲዩሰሩ። አንዳንድ ጣቢያ አዘጋጅ፣ አንዳንዱ ተረኛ አርታዒ ይለዋል።

ቀኑ የሚጀምረው በጠዋቱ ስብሰባ ነው። መኪናው አንድ፣ መሄጃው ሦስት ይሆናል። አንዱ ሪፖርተር ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ አንዷ ስብሰባ አዳራሽ፣ ሌላው አሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎቹ ጋ መሄድ ይፈልጋል። መኪናው የት ይሂድ? እኔን ብትጠይቂኝ አሞራ ገደል ይሂድ፤ የስብሰባውን መግለጫ በስልክም ታገኚዋለሽ፣ መረቡ ባዶውን ሲወጣ የሰውዬውን ፊት ግን ቦታው ካልተገኘሽ ከየትም አታመጪውም።

ከሰዓት በኋላ ስክሪፕት ይመጣል። እዚህ ላይ አማርኛሽ ይፈተናል። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ዓረፍተ ነገሩ አራት መስመር ከሄደ ተመልካቹ «ጸደቀ» ይሁን «አልጸደቀም» እስኪሰማ ድረስ ይጠብቃል፣ በመሃል ልጅ ካለቀሰ ወይ መብራት ብልጭ ካለ ዋናው ነገር አመለጠው ማለት ነው። ስለዚህ ቁረጪው። ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር አድርጊው። የውጭ ዜና ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን መልሺ። በግሪንዊች 18 ሰዓት የተባለው ለእኛ ማታ 3 ሰዓት ነው። ዓመቱንም አንዳንዴ 7፣ አንዳንዴ 8 እየቀነስሽ ነው የምታመጪው፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ከዚያ 2 ሰዓት ይሞላል። ኮንትሮል ሩም፣ ስርጭቱ የሚመራበት ክፍል ውስጥ፣ ተቀምጠሻል። ኤዲተሩ ሮጦ መጥቶ «የሦስተኛው ዜና ምስል አልደረሰም» ይልሻል። አራተኛውን ወደ ላይ ታመጪያለሽ። በአንባቢዋ ጆሮ «ቀጣዩ የዓሣው ነው» ትያታለሽ። እሷም ምንም ሳይመስላት ወረቀቷን ገልጣ ትቀጥላለች። ቤቱ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ምንም አላወቀም። ያቺ ቅጽበት ዛሬም ትናፍቀኛለች።

ለእናትሽ ደግሞ ይህን ንገሪልኝ። የ1977ቱን ረሃብ ዓለም ያወቀው ኮረም ላይ በተቀረጸ ምስል ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ሲተላለፍ ድምፁ የማይክል በርክ ነበር፣ ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን። ያን ምስል ያዩ ሰዎች የአሚንን ፊት አላዩም። ያሳየውን ግን እስካሁን አልረሱትም።

ጥያቄ፦ ዜና ላይ አንዳንዴ ጥግ ላይ «ፋይል» የሚል ጽሑፍ አያለሁ። ምን ማለት ነው? ለምንስ የዛሬውን አያሳዩንም?
(ጡረተኛ አባት፣ ከአቶቴ)

መልስ፦ አባቴ፣ «ፋይል» ማለት ምስሉ የዛሬ ሳይሆን ከማህደር የወጣ ነው ማለት ነው። የዛሬውን የማናሳየው ብዙ ጊዜ ካሜራ ስላልደረሰ ነው። የዚህችን ትንሽ ቃል ዋጋ ያወቅኩት ግን ሰው ካስለቀስኩ በኋላ ነው።

ዜና ሊጀምር 20 ደቂቃ ሲቀረው ስልክ ተደወለ። ሐይቁ ላይ ጀልባ ተገልብጦ አንድ ሰው አልተገኘም አሉን። ለፖሊስ ደወልን፣ እውነት ነው። ምስል ግን የለንም። አንድ ፈጣን ልጅ ከማህደር የሐይቁን ጀልባዎች ፈልጎ አወጣልኝ። አየሁት፣ ጥርት ያለ ነው። «ይሂድ» አልኩ። «ፋይል» ብለህ ጻፍበት አላልኩትም። በችኮላ ረሳሁት።

ምስሉ ላይ አንዲት ሰማያዊ ጀልባ ነበረች። ጎኗ ላይ በነጭ ቀለም የሴት ልጅ ስም ተጽፎባታል። የጀልባዋ ባለቤት እናት ገጠር ሆነው ዜናውን ሲያዩ የልጅ ልጃቸው ስም የተጻፈባትን ጀልባ አወቋት። ለልጃቸው ቢደውሉ ስልኩ ዝግ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲለቀስ አደረ። ልጃቸው ግን እቤቱ ተኝቷል፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነው።

በማግስቱ ጣቢያው ድረስ መጣ። አልጮኸም። «ጀልባዬ ምን አደረገቻችሁ?» ብቻ ነው ያለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ እናቱ ጋም ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ማታ እርማቱን ከዋና ዋና ዜናዎች ቀጥሎ አስነበብኩት፤ ስህተቱን መጀመሪያ አካባቢ አሳይተን እርማቱን ከስፖርት በኋላ መወርወር ነውር ነው፣ ዛሬም ይህን የሚያደርግ ሰው ያናድደኛል።

እና አባቴ፣ አሮጌ ምስል ያለዚያች ጽሑፍ ካዩ ለጣቢያው ይደውሉ። ሲጠፋ ዝም አይበሉን።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የዜና ፕሮዲዩሰር ነው። ማታ አብረን እራት በልተን አናውቅም፣ በዓልም ሥራ ነው። ይህ ነገር ይሻሻላል?
(ሁለት ልጆች ያሏት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሽፍቱ አይቀርም እህቴ፣ አልዋሽሽም። በፍቼ ጫምባላላም፣ በገናም፣ በዒድም አንድ ሰው ዴስክ ላይ መቀመጥ አለበት። እኛ ጋ ሙስሊም ባልደረቦቻችን ገና ላይ ይገቡልን ነበር፣ እኛ ደግሞ ዒድ ላይ እንገባላቸዋለን። ባለቤትሽ የወሩን ተራ አስቀድሞ ይዞ እንዲህ ይቀያየር። እራትን በተመለከተ የእኔ ባለቤት 3 ሰዓት ተኩል ላይ አደረገችው፣ ልጆቹ መክሰስ በልተው ይጠብቁኝ ነበር። ስልኩን ግን እራት ላይ ይዝጋው፤ ዴስክ ላይ የሚተካው ተረኛ አለ።