ድሬዳዋ ለሚገባ ሰው፦ ከመሬት መንቀጥቀጡ በፊት ስለ ደቻቱ ጠይቅ

የሥራ ዝውውር ደርሶህ ወደ ድሬዳዋ እንደምትመጣ ገልጸህ፣ «ከተማው ውስጥ ይበልጥ የሚያሰጋው የተፈጥሮ አደጋ የትኛው ነው? የአዋሹ መሬት መንቀጥቀጥ እናንተ ጋ ይደርሳል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ተወልጄ ያደግሁት ከተማውን በሚያቋርጠው በደቻቱ ወንዝ ዳር ስለሆነ እኔ ልመልስልህ። «አንተ» ማለቴን እንደ ድፍረት አትቁጠርብኝ፤ እዚህ ሽማግሌውም «አንተ» ነው።

በ2017 አዋሽ ፈንታሌ ላይ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሰው ከቀየው አፈናቅሏል፤ ቦታው ግን ከእኛ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከተማችን የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ስለሆነች ፈጽሞ አያሰጋንም አልልህም። ቢሆንም የድሬዳዋ ሰው ሌሊት ዝናብ ሲሰማ ከአልጋው የሚነሣው በመንቀጥቀጥ ምክንያት አይደለም፤ በጎርፍ ነው።

ደቻቱን መጀመሪያ ስታየው ወንዝ አይመስልህም። ከዚራና መጋላ የሚባሉትን የከተማውን ሰፈሮች የሚለይ ሰፊ አሸዋ ነው፤ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው አቋርጦት ገበያ ይሄዳል። ይህ አሸዋ ሐምሌ መጨረሻ 1998 ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ከ250 በላይ ሰው ጨረሰ፤ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ደግሞ ያለ ቤት አስቀረ። በ2012 ሚያዝያም ጎርፍ መጥቶ ሰው ገድሏል። ስለዚህ የሚያሰጋው ክረምቱ ብቻ አይደለም፣ በልጉም ነው።

እንግዳ ሰው የማይገባው ነገር ይህ ነው፦ ጎርፉ በአብዛኛው የሚመጣው እኛ ላይ ከሚዘንበው ዝናብ አይደለም። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከበላያችን፣ በደንገጎ በኩል ያሉት ተራሮች ደግሞ ከ2000 ሜትር ያልፋሉ። ዳገቱ ቁልቁል ነው፣ ደኑም ተመናምኗል። እዚያ ለጥቂት ሰዓት የዘነበ ውኃ የሚይዘው ስለሌለ አፈርና ድንጋይ እየገፋ ይወርዳል። አንተ ከተማ ውስጥ ከዋክብት እያየህ ውኃው በራፍህ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከራስህ በላይ ያለውን ሰማይ ትተህ ወደ ደቡብ፣ ወደ ተራራው ተመልከት። እዚያ ከጠቆረና ከበረቀ የወንዙ ዳር ሰው አይተኛም። ደንገጎ ወይም ቀርሳ ዘመድ ያለው ሰው ስልክ ይደውላል፤ እኔም ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ በፊት የማምነው ያን ስልክ ነው።

ቤት ስትከራይ ደላላውን ስለ ጎርፍ አትጠይቀው፣ «እዚህ ደርሶ አያውቅም» ይልሃል። በ1998 እዚያው ሰፈር የነበሩ እናት ፈልግና ውኃው እስከ የት እንደመጣ በእጃቸው ያሳዩህ። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር መከላከያ ግንብ ተሠርቷል፣ ጠቅሟልም። ነገር ግን ግንብ አለ ብሎ ከግንቡ ሥር መከራየት ለእኔ አይዋጥልኝም፤ አሸዋው በየዓመቱ እየተከመረ ወንዙን ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ቆሻሻም ይጣልበታል። ደግሞም ደቻቱ ብቻውን አይደለም፣ እንደ ጎሮ ያሉ ሌሎች ደረቅ ወንዞችም አሉ። ቤቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ ኪራዩ ትንሽ ቢወደድም ክፈል። ካልሆነልህ ሰነድህን ከወለል አርቀህ አስቀምጥ፤ ሌሊት ልጆቹን ይዘህ ወደ የትኛው ዳገት እንደምትወጣም በቀን ሂደህ እየው።

ወንዙ ውኃ ይዞ ሳለ ባጃጅ ነጂ «እንለፍ፣ ትንሽ ነው» ቢልህ ውረድ። ውኃው ድፍርስ ስለሆነ ጥልቀቱ አይታይም፤ የመጀመሪያው ስስ ውኃ ካለፈ በኋላ ነው ትልቁ የሚከተለው።

ሙቀቱን ትለምደዋለህ። ከዝናብ በኋላ ግን የተጠራቀመ ውኃ በግቢህ አታሳድር፤ በ2006 መጀመሪያ ከተማውን ያንገላታው የደንጊ ትኩሳት ወባን ብቻ የለመደውን ሰው ሁሉ አስደንግጦት ነበር። አጎበር ሌሊት ብቻ ነው የሚረዳህ፣ የደንጊዋ ትንኝ በቀን ትነክሳለች።

መሥሪያ ቤትህ በየት በኩል እንደሆነና ስንት ቤተሰብ ይዘህ እንደምትመጣ ጻፍልኝ፤ ወንዙን በየቀኑ ሳታቋርጥ ልትኖርባቸው የምትችላቸውን ሰፈሮች እነግርሃለሁ።