አራቱ «ሳለ»ዎች

ጥያቄ፦ ለታቦት የሚገባው «ስለት» እና የቢላዋው «ስለት» አንድ ቃል ናቸው? «ስዕለት» ተብሎም ይጻፋል። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ አንድ አይደሉም። መካከላቸው የጉሮሮ ፊደል ያለባቸውን የግዕዝ ግሶች አማርኛ ሲወስድ ፊደሉን ይውጠውና ፊተኛውን ራብዕ ያደርገዋል፤ መሐለ «ማለ»፣ ሰዐመ «ሳመ» የሆኑት እንዲህ ነው። በዚሁ መንገድ አራት ግሶች «ሳለ» ላይ ተገናኙ።

በንጉሡ ሠና በዓይኑ ዐ የሚጻፈው ሠዐለ ሥዕል ሠራ ማለት ነው። በእሳቱ ሰና በአልፋው አ የሚጻፈው ሰአለ ግን ለመነ ነው፤ በውዳሴ ማርያም «ሰአሊ ለነ» የምንለው «ለምኚልን» ስንል ነው። «ሠዐሊ ለነ» ተብሎ ቢጻፍ «ሥዕል ሳዪልን» ይሆናልና እዚህ ላይ ፊደል መጠበቅ ጌጥ አይደለም። ሰሐለ፣ በሐመሩ ሐ፣ ስል አደረገ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት ራስ ሚካኤል «ስሑል» የተባሉት በብልህነታቸው ስለት ነው። አራተኛው ሰዐለ፣ በእሳቱ ሰና በዓይኑ ዐ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚስለው ሳል ነው። ትግርኛ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ዛሬም ሰሓለና ሰዓለ ብሎ በድምፅ ይለያቸዋል።

እንግዲህ ለታቦት የሚገባው ከሰአለ ስለሚወጣ «ስእለት» ነው። «ስዕለት» የሚለው ዐን ያመጣው ከሥዕል ጋር ተምታቶ ነው፤ እንደ ፊደሉ ከሄድን ወደ ሳል ያደርሰናል! አሳጥሮ «ስለት» ማለት ለንግግር አይከፋም። በጽሑፍ ግን «ስለት ይዞ ቤተ ክርስቲያን ገባ» ቢባል አንባቢ ጧፍ ይዞ ይሁን ጩቤ አያውቅም። ስለዚህ «ስለት»ን ለቢላዋው ትተን ለታቦቱ «ስእለት» ብንጽፍ ይበጃል ባይ ነኝ።

«ተሳለ» ላይ መለያው አገባቡ ነው። «ለገብርኤል በግ ተሳለች» ሲባል ተሳዩዋ ራሷ አድራጊ ናት፤ «ቢላዋው ተሳለ»፣ «ሥዕሉ ተሳለ» ሲባል ግን የተደረገበት ነው።

«በሕይወት ሳለ» የሚለውን ከነዚህ ጋር አይቀላቅሉት። እሱ «አለ» ላይ ስ ተጨምሮ የመጣ ነው፤ ለ ጠብቆ ይነበባል፣ በአራቱ ግሶች ግን ይላላል።